የመንገደኛ ቁጠባ ከማን ኪስ ነው?

አማርኛችን ለመንገድ የሚያዘውን ምግብ ሁሉ ስንቅ ብሎ በአንድ ቃል ይጠራዋል። በሶው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ ሁሉ ስንቅ ነው። የቀድሞ መንገደኛ ከቤቱ ሲነሣ መንገዱን በቀን ቆጥሮ፣ ለየቀኑ የሚበቃውን ለክቶ ይቋጥር ነበር። ካሳነሰ ይራባል፤ ካበዛ ሸክሙ ያደክመዋል። ስለሆነም ስንቅ መቋጠር ልክን የማወቅ ጥበብ ነበር ለማለት ይቻላል። በዘመናችን የመንገደኛ ስንቅ በአብዛኛው ወደ ገንዘብ ተለውጧል። ገንዘብ እንደ በሶ አይከብድም፤ ሲጎድልም እንደ ስልቻ አይቀልም። ከዚህም የተነሣ ብዙ መንገደኛ ልኩን የሚያውቀው ኪሱ ከተራቆተ በኋላ ነው።

ሻንጣቸውን በጀርባቸው አንግተው፣ በርካሽ አልጋ እያደሩ፣ በሕዝብ ማመላለሻ እየተጓዙ ከአገር ወደ አገር የሚዞሩ ሰዎች በዓለም ላይ እጅግ በዝተዋል። ስለ አጓጓዛቸውም ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚያስተምረው በጥቂት ገንዘብ ረጅም ጊዜ መቆየት እንዴት እንደሚቻል ነው። ትምህርቱ ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሲዘነጋ እመለከታለሁ። መንገደኛው ያዳነው ገንዘብ ከማን ኪስ የቀረ ነው? ከራሱ ምቾት ቀንሶ ያተረፈው ነው ወይስ ከሌላ ሰው የዕለት እንጀራ ላይ የቆረሰው? ሁለቱም በማስታወሻ ደብተር ላይ ሲሰፍሩ አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው፤ በግብር ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። ይህን ልዩነት በሕንድ አገር ባደረግሁት ጉዞ በቅርብ ለመመልከት ዕድል አግኝቼ ስለነበር፣ ያየሁትንና ያሰብሁትን ለአንባብያን ለማካፈል እወዳለሁ።

ጉዞዬን ያደረግሁት በኅዳርና በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ነበር። ምክንያቴም ተውኔት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በልጅነቱ ከኢትዮጵያ ምድር ለባርነት ተሸጦ፣ በየመንና በባግዳድ በኩል አልፎ ሕንድ የደረሰው፣ በኋላም በደከን አምባ ላይ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ለመሆን የበቃው ማሊክ አምባር ለብዙ ዓመታት ከሐሳቤ አልወጣም ነበር። ስለ እርሱ ከመጻፌ በፊት የቆረቆረውን ከተማ በዓይኔ ማየት እንደሚገባኝ ወሰንሁ። የሚልከኝ መሥሪያ ቤት፣ የሚጋብዘኝ ማኅበር አልነበረም። ከወር ደመወዜ ላይ በሁለት ዓመት ያጠራቀምሁት ገንዘብ ከአውሮፕላን ትኬቱ በኋላ ሲመነዘር፣ ላሰብሁት አምስት ሳምንት የሚበቃው በብርቱ ጥንቃቄ ብቻ ነበር። በቤቴ የቤት ኪራይ አለ፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ስለዚህ የማወጣት እያንዳንዷ ሩፒ የእኔ ብቻ አልነበረችም። ልነሣ ስል እናቴ በሶና ድርቆሽ፣ በትንሽ ቋጠሮም በርበሬ አዘጋጅታ፣ «ልጄ፣ የሰው አገር ነውና የሰው ፊት እንዳታይ ይህን ያዝ» አለችኝ። በዚያን ጊዜ አንድ ሩፒ አርባ ሳንቲም ገደማ ነበር። በቀን ከ1,000 ሩፒ፣ ማለትም ከ400 ብር ያህል፣ ላለማለፍ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በመጀመሪያ ማንንም ሳይጎዳ ሊቆጠብ ስለሚችለው ልናገር።

የሕንድ የመንገደኛ ባቡር ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1853 ከቦምቤይ እስከ ታኔ ባለው 34 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ ሐዲዱ አገሪቱን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል። ባለጸጋውና ድሀው በአንድ ባቡር ይጓዛሉ፤ የሚለያቸው ፉርጎው ነው። እኔ የመረጥሁት ማቀዝቀዣ የሌለውን ባለ መኝታ ፉርጎ ነበር። በተጓዝሁበት ፉርጎ ውስጥ 72 መኝታዎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ሦስት መኝታዎች ፊት ለፊት ተደራርበው ይሰቀላሉ፤ ከመተላለፊያው ማዶ ደግሞ ሁለት አሉ። በመካከል ያለው መኝታ የሚዘረጋው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሆን በደንብ ተወስኗል፤ በሌላው ጊዜ ታጥፎ የታችኛው መኝታ ለሁሉም መቀመጫ ይሆናል። አንዱ የመተኛት መብቱን በሌላው የመቀመጥ መብት ላይ እንዳይጭን የተደረገ ስምምነት ነው። በዚህ ፉርጎ ሌሊት የሚጓዝ ሰው የአልጋ ኪራይ ያድናል፤ ቀኑንም ለጉብኝት ያተርፋል። የሚያጣው ምቾቱን ብቻ ነው። አቧራ አለ፤ ጫጫታ አለ፤ በታኅሣሥ ደግሞ ብርድ አለ። በሰሜን ሕንድ በዚያ ወራት ጭጋግ ስለሚበረታ ባቡር ለብዙ ሰዓታት መዘግየቱ የተለመደ ነው። ከአምሪትሳር ወደ ካልካታ የተጓዝሁበት ባቡር ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ በሁለት ሌሊትና በአንድ ቀን ሊያደርሰኝ ሲገባው፣ በጭጋጉ የተነሣ ግማሽ ቀን ጨመረበት። ለዚህ ሁሉ መንገድ የከፈልሁት 700 ሩፒ ያህል ነው። በእናቴ ድርቆሽ ላይ ውኃና በርበሬ ጨምሬ ከጎረቤቶቼ ጋር ስቋደስ፣ እነርሱም ቂጣቸውንና ድንቻቸውን አቀረቡልኝ። የዚያን ዕለት የምግብ ወጪዬ የሻይ ብቻ ሆነ።

ምግብን በተመለከተ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሕንድ ምቹ አገር ናት። ታሊ የሚባለው ምሳ በአንድ ሰፊ የብረት ሳህን ላይ ሩዝ፣ ቂጣ፣ ምስርና አትክልት ይዞ ሲቀርብ በያይነቱን ያስታውሳል። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለነበረ፣ ቅቤና እርጎ እንዳይጨመርበት መናገር ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሥጋ የሌለበት ምግብ በዋጋም ይቀንሳል፤ ለሆድም ይስማማል። ውኃም እንዲሁ ነው። በትልልቅ የባቡር ጣቢያዎች በራስ ጠርሙስ አንድ ሊትር የተጣራ ውኃ በ5 ሩፒ ይቀዳ ነበር፤ የታሸገው ግን 15 ሩፒ ነበር። አሥር ሩፒ ብዙ አይደለም። በአምስት ሳምንት ተደምሮ ግን የብዙ ቀን ምሳ ይሆናል፤ ሜዳ ላይ የሚጣለው ፕላስቲክም ይቀንሳል።

ቁጠባ የሚመስል፣ ግን ኪሳራ የሆነ ነገርም አለ። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ሰው ሕንድ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ወረቀቱን ያልያዘ መንገደኛ እስከ ስድስት ቀን ተገልሎ ሊቆይ ይችላል። ለክትባት የሚወጣውን ገንዘብና ጊዜ የሚሰስት ሰው በኋላ እጥፍ ይከፍላል። ንጹሕ ውኃ፣ መድኃኒትና የሌሊት ደህንነት ከስንቅ ሁሉ በፊት የሚቋጠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ርካሽ አልጋ ታሪክ ጥቂት መናገር ይገባል። መምህራን አንባብያን ደስ ሊላቸው የሚችል ታሪክ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1909 ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ነጎድጓድና ዝናብ ያዛቸው። በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ተጠልለው ገለባ ላይ አደሩ። መምህሩ በዚያች ሌሊት አንድ ሐሳብ መጣለት። ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ወራት ባዶ ናቸው፤ ልጆች ደግሞ አገራቸውን እንዳያዩ የሚያግዳቸው የማደሪያ ዋጋ ነው። ታዲያ ባዶው ክፍል ለተጓዡ ልጅ ለምን አይሆንም? እ.ኤ.አ. በ1912 በአልቴና ከተማ በሚገኝ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ተቋቋመ። ዛሬ በመላው ዓለም ባለ ጀርባ ቦርሳው መንገደኛ የሚያድርባቸው፣ በአንድ ክፍል ብዙ አልጋ የተደረደረባቸው ቤቶች መነሻቸው ይኸው ነው። ልብ ሊባል የሚገባው የርካሽነቱ ምንጭ ነው። የሺርማን አልጋ የረከሰው የማንም ደመወዝ ስለተቀነሰ አልነበረም፤ ሥራ ፈትቶ የቆመ ክፍል ሥራ ስላገኘ ነው።

ከሙምባይ ተነሥቼ በሌሊት ባቡር ማሊክ አምባር ወደቆረቆራት ከተማ ደረስሁ። እ.ኤ.አ. በ1610 ኸድኪ ብሎ የመሠረታት ይህች ከተማ በኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ እኔም የሄድሁት በዚሁ ስም በምትጠራበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የሚል ስም ተሰጥቷታል። አምባር በመሬት ውስጥ በተዘረጋ ቦይ ውኃ እንዳስገባላት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1626 ዐርፎ የተቀበረው ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው በኹልዳባድ ነው። በሕዝብ አውቶቡስ ሄድሁ። በመቃብሩ በር ላይ ትኬት የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። በጉልላቱ ጥላ ሥር ተቀምጬ የጉዞዬን ሒሳብ በማስታወሻዬ ላይ ስደምር አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። እኔ ርካሽ ትኬት ፍለጋ ወራት አሳልፌአለሁ። እርሱ ግን ያንኑ ባሕር ሲሻገር ከኪሱ ምንም አልከፈለም። ምክንያቱም ዋጋው እርሱ ራሱ ነበር። ሌሎች ሸጠውት፣ ሌሎች ገዝተውት፣ ከእናቱ ቤት እስከ ደከን አምባ ድረስ በእርሱ ላይ አትርፈዋል። አንድ ጉዞ ምንም አልተከፈለበትም ሲባል፣ የከፈለው ማን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለብኝ በዚያ ቦታ ሆኜ ተረዳሁ። ተውኔቱን ልጽፍ የመጣሁ ሰው ይህን ጥያቄ በገጸ ባሕርይ አፍ ብቻ አናግሬ፣ በራሴ ኪስ ላይ ሲደርስ ልዘለው አልችልም ነበር።

ከኹልዳባድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ኤሎራ ይገኛል። በዚያ ካሉት 34 ዋሻዎች አንዱ የሆነው የካይላሳ ቤተ መቅደስ ከላይ ወደ ታች ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ላሊበላን ያየ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሲቆም እንግድነቱን ለጊዜው ይረሳል። መግቢያው ላይ ግን እንግድነቱ ይነገረዋል። በዚያን ጊዜ የአገሩ ተወላጅ 40 ሩፒ ሲከፍል፣ የውጭ አገር ሰው 600 ሩፒ ይከፍል ነበር። ለእኔ ከቀኑ ወጪ ከግማሽ በላይ ነው። ከፊቴ የተሰለፈ አንድ መንገደኛ ይህ ዘረፋ ነው ብሎ ሲቆጣ ሰማሁ። እኔ ግን ነገሩን ከአገራችን አንጻር አየሁት። በእኛም አገር በቅርስ ቦታዎች የውጭ ጎብኚ ከተወላጁ የበለጠ ይከፍላል። ቅርሱን በግብሩ የሚጠብቀው ተወላጁ ነው፤ የተወላጁ ልጅ ደግሞ የአያቶቹን ሥራ በዋጋ ምክንያት ሳያይ መቅረት የለበትም። ስለዚህ 600 ሩፒውን ከፍዬ፣ የዚያን ቀን እራቴን ከእናቴ በሶ ላይ በጠበጥሁ። ይህን የመሰለው ቁጠባ ከራስ ላይ የሚቆረስ በመሆኑ ሕሊናን አያስጨንቅም።

ከዚያ ወደ ሰሜን ወደ አምሪትሳር ተጓዝሁ። በሲክ እምነት ተከታዮች ዘንድ የተቀደሰው ሐርማንድር ሳሂብ፣ ብዙዎች ወርቃማው ቤተ መቅደስ የሚሉት፣ በዚህች ከተማ ይገኛል። በግቢው ላንጋር የሚባል የጋራ ማዕድ አለ። ለማንኛውም ሰው፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ ያለ ክፍያ ይቀርባል። በተራ ቀን 50,000 ያህል፣ በበዓል ቀን እስከ 100,000 ሰው እንደሚመገብበት ይነገራል። ሥርዓቱ የሃይማኖቱ መሥራች ከሆነው ከጉሩ ናናክ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አክባር እንኳ ሦስተኛውን ጉሩ ለማየት በመጣ ጊዜ አስቀድሞ ከሕዝቡ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ እንደበላ ይተረካል። ሁሉም በረድፍ መሬት ላይ ይቀመጣል። ነጋዴው ከጫማ ጠራጊው፣ ወይዘሮዋ ከገረዷ አጠገብ ትሆናለች። ቂጣው ሲታደል በሁለት እጅ ይቀበሉታል፤ ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚነገር ትምህርት አይደለም። በአካባቢው ለምእመናንና ለእንግዶች የሚሆን ማደሪያም ነበረ። እንግዳ ከሦስት ሌሊት በላይ እንዳይቆይበት ተወስኗል። እንግዳ በሦስተኛው ቀን ወርቅነቱ እንደሚለወጥ አባቶቻችን ያሉትን አስታወስሁ።

በዚህ ማደሪያ ያገኘኋቸው ሁለት መንገደኞች የምግብና የአልጋ ወጪ ሳያወጡ የቆዩበትን ቀን እየቆጠሩ ደስ ይላቸው ነበር። ነገር ግን ይህ ማዕድ ዋጋ የለውም ማለት ስሕተት ነው። ዱቄቱን የሰጠ ገበሬ አለ፤ እንጨቱን የተሸከመ ሰው አለ። ሌሊቱን ሙሉ ቂጣ የሚጋግሩ፣ ሽንኩርት የሚልጡ፣ ሳህን የሚያጥቡ ፈቃደኞች አሉ። ዋጋው ተከፍሏል፤ የተከፈለው ግን በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ተከፋፍሎ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለምን? በልቶ የተነሣ ሰው ለሌላው የሚያደርገውን ይጠየቃል፤ አስገዳጅ ግን የለም። እኔም በሁለተኛው ቀን ከማላውቃቸው ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጬ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ስልጥ ዋልሁ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ የእኔንም አያውቁም። ከአንዱ ቅርጫት ወደ ሌላው እየቀየርን ሽንኩርቱ ሲያልቅ አንደኛው ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው የሻይ ብርሌ አቀበሉኝ። በሕንድ ምድር እንግድነቴ የቀረው በዚያች ቀን ይመስለኛል። ገንዘቤን አስቀምጬ ከሳህኑ ብቻ ብቋደስ ኖሮ፣ ያተረፍሁት የምሳ ዋጋ ብቻ በሆነ ነበር።

በካልካታ የጠበቀኝ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። ካልካታ ሰው የሚጎትተው ሪክሾ እስካሁን የሚታይባት ከተማ ናት። ሪክሾው ትልልቅ ሁለት ጎማዎች ያሉት ጋሪ ሲሆን፣ ሰውየው በሁለት እንጨቶች መካከል ገብቶ ይስበዋል። ጎታቾቹ በአብዛኛው ከጎረቤቱ ከቢሃር ገጠር የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ የጋሪው ባለቤቶች ስላልሆኑ፣ ያግኙም አያግኙም በየቀኑ ኪራይ ይከፍላሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የምዕራብ ቤንጋል ምክር ቤት ሥራው እንዲቀር ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ሆኖም ሥራው ፈጽሞ አልጠፋም።

በማድርበት ቤት የነበረ አንድ ወጣት አውሮፓዊ መንገደኛ አንድ ቀን በሪክሾ መጣና ጎታቹ የጠየቀውን 100 ሩፒ ተከራክሮ 60 ማድረሱን በደስታ ነገረን። ሩብ ሰዓት መከራከሩንም አልደበቀም። ማታ ለጠጣው ቢራ የከፈለው ግን ያተረፈውን 40 ሩፒ ብዙ እጥፍ ነበር። ወጣቱ ክፉ ሰው አልነበረም። መጻሕፍቱ ዋጋ ሲጠሩልህ ግማሹን በል ብለው ስላስተማሩት፣ ትምህርቱን በተግባር አዋለ። ከሁሉም ጋር መከራከር እንደ ጉብዝና ተቆጥሮለታል።

በነጋታው ሻንጣዬን ይዤ ወደ ሌላ ሠፈር ስሄድ አንድ ሪክሾ ጎታች ጠራኝ። ዕድሜአቸው ከስድሳ የሚያልፍ ሰው ናቸው። ሰው ሰውን ሲጎትት ማየት ከበደኝና በእግሬ መሄድ መረጥሁ። አብሮኝ የነበረው የቤንጋሊ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን «ለምን ራሳቸውን አንጠይቃቸውም?» አለኝ። ከዚያም «ዳዳ» ብሎ ጠራቸው፤ በቋንቋቸው ጋሼ እንደማለት ነው። «ዳዳ፣ ይህ እንግዳ እርስዎን አስጎትቶ መቀመጥ ከብዶታል፤ በእግሬ ልሂድ ይላል» አላቸው። ሽማግሌው እኔን ቁልቁል ወደ ላይ ተመለከቱና አንድ ነገር ተናገሩ። ተማሪው እንዲህ ሲል ተረጐመልኝ፦ «ማዘኑስ ደግ ነው። ነገር ግን ሁሉም እያዘነልኝ በእግሩ የሄደ እንደሆነ፣ የጋሪውን ኪራይ ማን ይከፍልልኛል?» ወጥቼ ተቀመጥሁ። የጠየቁኝን ሳላጎድል ከፈልሁ። ያ ክፍያ የሥራቸውን ክብደት እንደማያቃልል አውቃለሁ። ቢያንስ ግን የእኔ ቁጠባ በእርሳቸው ላብ ላይ አልተጨመረም።

ይህን ስል ዋጋ መከራከር ነውር ነው ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። በመርካቶ ያደግን ሰዎች ክርክር የገበያ ጨዋታና ሰላምታ ጭምር መሆኑን እናውቃለን። ጥያቄው ከማን ጋር፣ እስከ የት ድረስ ነው። እኔ የያዝሁት ዘዴ እንዲህ ነበር። አስቀድሜ የአገሩ ሰው ስንት እንደሚከፍል ሁለት ሦስት ሰው እጠይቃለሁ። ከሆቴል ባለቤትና ከጉዞ ወኪል ጋር እስኪደክመኝ እከራከራለሁ። በጉልበቱ ከሚያድር፣ በቅርጫት ሙዝ ከሚሸጥ፣ ከሊስትሮና ከጋሪ ጎታች ጋር ግን የአገሩን ዋጋ ካወቅሁ በኋላ ክርክር አልገጥምም። በጉዞዬ ሁሉ በዚህ ምክንያት የጨመርሁትን ስደምረው ከሁለት ቀን ወጪዬ አልበለጠም።

በሌላ መልክ የሚመጣ ቁጠባም አለ። አንዳንድ የመንገደኛ ማደሪያዎች በቀን ጥቂት ሰዓት ለሚያጸዳ ወይም እንግዳ ለሚቀበል መንገደኛ ነፃ አልጋ ይሰጣሉ። ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ነገር ግን ያንን ወለል በደመወዝ ትጠርግ የነበረች የአገሩ ሴት የት ሄደች? በብዙ አገር የጎብኚ ቪዛ ሥራ መሥራትን የማይፈቅደው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንዲሁም ከበለጸጉ አገሮች መጥተው በእስያ ከተሞች ጎዳና ላይ ወረቀት ይዘው ለጉዟቸው የሚለምኑ ወጣቶች በቅርብ ዓመታት መታየታቸው ብዙ ቁጣ አስነሥቷል። በእኛ አገር የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ ቁራሽ ይለምን እንደነበር ይታወቃል። ሁለቱን ማነጻጸር ግን አይገባም። የቆሎ ተማሪው የተማረውን ዜማና ቅኔ፣ ድጓና ትርጓሜ ይዞ መልሶ ሕዝቡን ያገለግላል። ቁራሹን የሰጠች እናት ነገ ልጇን የሚያስተምርላትን፣ ሙታኗን የሚፈታላትን ሰው ነው የመገበችው። ያልተጻፈ ውል አላቸው። ሳይመለስ የሚያልፈው መንገደኛ ግን ከድሀ መንደር የሚወስደው እንጂ የሚተወው የለም።

በካልካታ የመጨረሻዎቹን ቀናት ያሳለፍሁት በኮሌጅ ስትሪት በሚገኘው የሕንድ ቡና ቤት ነው። በመጻሕፍት ሻጮች መካከል የሚገኝ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የአየር ማራገቢያው የሚንጫጫ አሮጌ አዳራሽ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በየከተማው የነበሩት እንዲህ ያሉ ቡና ቤቶች ሊዘጉ በተቃረቡ ጊዜ ሠራተኞቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ተረከቧቸው። የኮሌጅ ስትሪቱንም የሚያስተዳድረው የሠራተኞቹ ማኅበር ነው። ገጣሚው፣ ተማሪውና የፊልም ባለሙያው በአንድ ስኒ ቡና ግማሽ ቀን ተቀምጦ ሲከራከር የሚያስነሣው የለም። ባባ ቡዳን የተባለ ሱፊ በ17ኛው መቶ ዓመት ከየመን ሰባት የቡና ፍሬ ደብቆ ወደ ሕንድ እንዳመጣ ይተረካል። ከእኛ ተራሮች ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በዚህ አዳራሽ በርካሽ ዋጋ የቀረበልኝን ቡና እየጠጣሁ ተውኔቴን መጻፍ ጀመርሁ። ስኒው የረከሰው ከአስተናጋጁ ደመወዝ ተነጥቆ አልነበረም። ወንበሩ አሮጌ ነው፤ ግድግዳው ቀለም ይሻል፤ ትርፉን ለብቻው የሚወስድ ባለቤትም የለም። በጉዞዬ ካገኘኋቸው ርካሽ ነገሮች ሁሉ ልቤን ያረጋጉኝ እነዚህ ናቸው፦ የሺርማን ባዶ ክፍል፣ የአምሪትሳር የጋራ ማዕድና የካልካታ ሠራተኞች ቡና ቤት። ሦስቱም ርካሽ የሆኑት ባዶው ስለተሞላ፣ ሸክሙ ስለተከፋፈለ ወይም ትርፉ ስለተካፈለ ነው።

እንግዲህ ባለ ጥቂት ገንዘብ መንገደኛ ቁጠባውን ሲደምር በማስታወሻው ላይ ሁለት ዓምድ ያስምር እላለሁ። በአንደኛው ከምቾቱ፣ ከእንቅልፉ፣ ከሆዱ የቀነሰውን ይጻፍ፤ በሁለተኛው ከሌላ ሰው ድካም ላይ ያስቀረውን። የመጀመሪያው ዓምድ ቢረዝም ያኮራል። ሁለተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ መቅረት አለበት።

ይህም ለሩቅ አገር መንገደኛ ብቻ የሚነገር አይደለም። ተማሪዎቻችን አክሱምን፣ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጢያን በመጽሐፍ ያጠናሉ፤ ብዙዎቹ ግን ከተወለዱበት ወረዳ ሳይወጡ ትምህርታቸውን ይጨርሳሉ። የሚያግዳቸው ከመኪናው ዋጋ እኩል የአልጋው ዋጋ ነው። በክረምትና በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት በመላ አገሪቱ በሺህ የሚቆጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ተዘግተው ይቆማሉ። ሰላም በሰፈነበት አካባቢ ሁሉ፣ የአንዱ ከተማ ትምህርት ቤት ለሌላው ከተማ ልጆች ለሦስት ሌሊት በሩን ቢከፍት፣ የመንደሩ ሰው ምስርና ሽሮ ቢያዋጣ፣ ልጆቹም ግቢውን አጽድተው፣ ትርኢት አሳይተው ቢመለሱ፣ ወጪው ከማንም ኪስ በግፍ ሳይወጣ ታላቅ ጉዞ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ርዕሳነ መምህራን የሚጻጻፉት አንድ ደብዳቤ ነው። በመጪው ዕረፍት የመጀመሪያውን ደብዳቤ የሚጽፈው መምህር ማን ይሆን?